ሕፃን ምን ያውቃል ለሚሉ ሰዎች መልስ

በየዓመቱ ታኅሣሥ ሲጋመስ፥ ለልደት በዓል ወደ ላሊበላ ለመሄድ ስንቅ በሚሰናዳበት ቤት ሁሉ አንድ ክርክር ይነሣል። አባት መንገዱን ያሰላል፤ እናት በሶውን ታዘጋጃለች፤ ልጆቹም የሰሙትን ሰምተው ከወዲያ ወዲህ ይሯሯጣሉ። በዚህ ጊዜ ከቤተ ዘመድ አንዱ ድምፁን ከፍ አድርጎ፥ «ሕፃን ምን ያውቃል? ልጆቹን ከአያታቸው ዘንድ አኑሩና እናንተ ተሳልማችሁ ተመለሱ» ብሎ ይፈርዳል። ይህ ቃል ከአንድ ሰው አፍ ብቻ የሚወጣ ቢሆን ኖሮ መልስ ባላስፈለገው ነበር። ነገር ግን በከተማ የሚኖሩ የተማሩ ሰዎች ይናገሩታል፤ የሚያሳዝነውም፥ ከካህናት መካከል አንዳንዶች ያጸኑታል። ስለዚህ ቃሉ ምን ያህል እውነት እንዳለበት መመርመር ይገባል።

የሚያቀርቡት ምክንያት ሦስት ነው። አንደኛ፥ ሕፃን የሚያየውን አያስተውልምና ድካሙ ከንቱ ነው ይላሉ። ሁለተኛ፥ ሕፃን በሕዝብ መካከል ያለቅሳልና ጸሎት ያውካል ይላሉ። ሦስተኛ፥ መንገዱ ሩቅ፥ ሌሊቱ ብርድ፥ ገደሉም ብዙ ነውና ለልጁ ያሰጋል ይላሉ። ከሦስቱ ሁለቱ መሠረት የላቸውም፤ ሦስተኛው ግን እውነት አለበት። ሆኖም እርሱም ቢሆን ልጁን አስቀሩ የሚያሰኝ አይደለም፤ እርምጃችሁን አሳጥሩ የሚያሰኝ ነው እንጂ።

አስቀድሞ ስለ ማስተዋል ነው። ቤተ ክርስቲያን ወንዱን በ40 ቀን፥ ሴቷን በ80 ቀን ታጠምቃለች፤ በዚያውም ዕለት ቅዱስ ሥጋውንና ክቡር ደሙን ታቀብላለች። ሕፃኑን ጸሎተ ሃይማኖት እስኪያጠና፥ ምሥጢረ ሥላሴን እስኪያብራራ ድረስ ቆይ አላለችውም። እንግዲህ የሚበልጠውን ምሥጢር ሳያስተውል የተቀበለ ሕፃን፥ ከዚያ የሚያንሰውን የመሳለሚያ መንገድ ሳያስተውል ቢሄድ ምን ነውር አለበት? ትልቁን ሰጥቶ ትንሹን መንፈግ የልግስናም የዕውቀትም ሥርዓት አይደለም።

ደግሞም በዚያው በታኅሣሥ ወር በ3ኛው ቀን በዓታ ለማርያም ይከበራል። የሚከበረውስ ምንድር ነው? የሦስት ዓመት ሕፃን በእናት በአባቷ እጅ ተይዛ ወደ ቤተ መቅደስ መግባቷ ነው። ሐናና ኢያቄም «ትደግና ታስተውል፥ ያን ጊዜ እንወስዳታለን» አላሉም። ጥር 15 ቀን የሚዘከረው ቅዱስ ቂርቆስም የሦስት ዓመት ሕፃን ነበረ፤ በፈላው ውኃ ፊት እናቱ ኢየሉጣ በፈራች ጊዜ ያጸናት እርሱ እንደ ሆነ ገድሉ ይተርካል። ሕፃን ምን ያውቃል የሚል ሰው በእነዚህ በሁለቱ በዓላት ሲያስቀድስ ምን እያሰበ እንደሚቆም እርሱ ይናገር። አንዳንዱ ደግሞ «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» የሚለውን ተረት ያመጣል። ተረቱ ግን ልጅ አያቡካ አለ እንጂ ልጅ አይብላ አላለም።

ይህን ቃል ከካህን አፍ መስማት ከሁሉ ይልቅ ያስደንቃል። ካህኑ ራሱ እንዴት ተማረ? ገና በሕፃንነቱ በየኔታ እግር ሥር ተቀምጦ ፊደል ቈጠረ፤ አቡጊዳ አለ፤ መልእክተ ዮሐንስን ወጣ፤ ከዚያም ዳዊት ደገመ። በዚያ ሁሉ ዘመን የግዕዙን ትርጓሜ አልጠየቀም፤ መምህሩም አልነገረውም። ቅኔ ቤት እስኪገባ ድረስ ያነበንበው የነበረው ቃል ለእርሱ ድምፅ ብቻ ነበረ። ነገር ግን ድምፁ አስቀድሞ በልቡ ባይተከል ኖሮ፥ ትርጓሜው በመጣ ጊዜ የሚያርፍበት ስፍራ ባላገኘ ነበር። በዚህ መንገድ ያለፈ ሊቅ፥ ሰሙ በሕፃንነት እንደሚገባ ወርቁም በጕልምስና እንደሚወጣ ሳያውቅ አይቀርም።

የላሊበላም መንገድ እንዲሁ ነው። ሕፃኑ ዛሬ የሚወስደው ሰሙን ነው። የድንጋዩን ቅዝቃዜ በእጁ ዳስሶ፥ የዕጣኑን ሽታ አሽትቶ፥ ከበሮውንና ጸናጽሉን ሰምቶ፥ ነጭ የለበሰውን ሕዝብ ብዛት አይቶ ይመለሳል። ወርቁን ኋላ በራሱ ጊዜ ይፈታዋል። ወርቅ አንጥረኛ አስቀድሞ በሰም ቅርጽ ያወጣል፤ በኋላ ወርቁን በሰሙ ስፍራ ያፈስሳል። ሰም ያልገባበት ልብ ወርቅ ቢፈስበት ምን ቅርጽ ይይዛል?

ይልቁንም ይህ ክርክር በላሊበላ ስም መነሣቱ ያስገርማል። ንጉሡ ቅዱስ ላሊበላ በተወለደ ጊዜ ንቦች መጥተው እንደ ከበቡት፥ እናቱም ይህን አይታ ንብ ንግሥናውን ዐወቀች ስትል ስሙን እንዳወጣችለት ይተረካል። ሕፃኑ በዚያች ሰዓት ምን ዐወቀ? ምንም። ነገሩ ግን ተደረገ፤ ስሙም ከእርሱ አልፎ ለአገሩ ተረፈ። ቀድሞ ሮሃ ትባል የነበረችው ከተማ ዛሬ በአራስ ቤት በወጣ ስም ትጠራለች። ደግሞ ታኅሣሥ 29 ቀን፥ በዘመነ ዮሐንስም 28 ቀን፥ በዚያ የሚከበረው የጌታ ልደት ብቻ አይደለም፤ የንጉሡም ልደት አብሮ ይታሰባል። እንግዲህ በላሊበላ ገና ማለት የሁለት ሕፃናት በዓል ማለት ነው። የሕፃናትን በዓል ሕፃናትን አስቀርቶ ማክበር፥ ሙሽራውን አስቀርቶ ሠርግ እንደ መደገስ ነው።

የንጉሡንም ሐሳብ ማስተዋል ይገባል። በ12ኛው መቶ ዓመት መጨረሻና በ13ኛው መጀመሪያ የነገሠው ላሊበላ 11ዱን አብያተ ክርስቲያናት ከአለት ያሳነጸው፥ ወንዙንም ዮርዳኖስ ያሰኘው፥ ኢየሩሳሌምን ለመሳለም በሩቅ በረሃ የሚንገላታውን ምእመን ድካም ለማሳጠር እንደ ሆነ አበው ይናገራሉ። መንገዱ ያጠረው ለማን ነው? ለብርቱ ነውን? ብርቱው ረጅሙንም መንገድ ይችለው ነበር። ያጠረው ለደካማ ነው። ከሕፃን የሚደክም፥ ሕፃን ካዘለች እናትስ የሚደክም ማን ነው? በ1970 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግበው ከባሕር ማዶ የሚመጣ እንግዳ ሁሉ የሚገባባቸው ደጆች፥ ለአገሩ ሕፃን «ስታድግ ትመጣለህ» የሚባልባቸው ከሆኑ፥ ንጉሡ ያሳጠረውን መንገድ ዐዋቂ ነኝ ባዩ መልሶ አረዘመው ማለት ነው።

ሁለተኛው ነገር ልቅሶ ነው። በቅዱስ ወንጌል እንደ ተጻፈ፥ ሕፃናትን ወደ ጌታ ያመጡ ሰዎች ነበሩ፤ የከለከሏቸውም ክፉዎች አልነበሩም፥ ደቀ መዛሙርቱ ነበሩ። የመምህራቸውን ክብር የሚጠብቁ መስሏቸው ነበር። የተገሠጹት ግን ሕፃናቱን ያመጡት አይደሉም፤ የከለከሉት ናቸው። ዛሬም ሕፃን ሲያለቅስ ፊቱን አጥቍሮ እናቲቱን የሚያባርር አገልጋይ፥ የቤቱን ክብር የሚጠብቅ ይመስለዋል። ሕፃን የሚያለቅሰው ርቦት፥ በርዶት ወይም እንቅልፉ መጥቶ ነው፤ ጡት ሲያገኝ ዝም ይላል። ዐዋቂው ግን በቅዳሴ መካከል ወሬ ያወራል፥ በእጅ ስልኩም ሥዕል ያነሣል፤ እርሱን ዝም የሚያሰኘው ጡት የለም። ይህም ሆኖ ዐዋቂ ሁሉ ጸሎት ያውካልና በቤቱ ይቅር ብሎ የፈረደ ከቶ አልተገኘም።

ከዚህም የሚከፋ ነገር አለ። «ልጅ በጡት፥ እህል በጥቅምት» ይባላል። ጡት የሚጠባ ልጅ ይቅር ማለት እናቱ ትቅር ማለት ነው። አንዲት ሴት በየሦስት ዓመቱ እየወለደች አራት ልጆች ብታሳድግ፥ በዚህ ፍርድ አሥር ዓመት ያህል ከላሊበላ ደጅ ተከለከለች። ባልዋ ግን ከባልንጀሮቹ ጋር በየዓመቱ ይሄዳል፤ ሲመለስም ጥቂት እምነት በወረቀት ቋጥሮ ያመጣላታል። እርስዋም እምነቱን ተቀብታ፥ ልጆቹንም ቀብታ ዝም ትላለች። የእግዚአብሔር በረከት የሆነው መውለድ እንደ ቅጣት ተቈጠረባት። ሕፃን ምን ያውቃል የሚለው ቃል ላዩ ለልጁ መራራት ይመስላል፤ ውስጡ ግን የእናትን ድርሻ መውሰድ ነው። ቃሉን የሚናገሩት አብዛኞቹ ወንዶች መሆናቸውም በአጋጣሚ አይደለም።

የላስታ ባላገር ሴት ይህን ክርክር አታውቀውም። ከቡግና፥ ከጊዳን፥ ከመቄት፥ ከዋድላ፥ ከዋግም ጭምር አንዱን ልጇን በአንቀልባ አዝላ፥ ሁለተኛውን በእጇ ይዛ፥ ቆሎና በሶ ቋጥራ ትመጣለች። ሲደክማት ከጥላ ትቀመጣለች፤ ሕፃኑ ሲያለቅስ ታጠባዋለች፤ የሚሄደው ልጅ እንቢ ሲል ታባብለዋለች፤ መንገዱ በሁለት ቀን ባያልቅ በሦስተኛው ያልቃል። የከተማው ሊቅ መጽሐፍ ጠቅሶ ያልደረሰበትን እርስዋ በጀርባዋ አዝላ ደርሳበታለች። የላሊበላም ሰው የእንግዳን እግር ዐጥቦ የመቀበል ልማድ አለውና፥ ከእግሯ ጋር ትንሹም እግር ይታጠባል። እግር ዐጣቢው ውኃውን ሲያፈስስ «ይህ እግር ምን ያውቃል» ብሎ አይጠይቅም።

ሦስተኛው ነገር፥ እርሱም አደጋው፥ ሊናቅ አይገባም። ላሊበላ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የተቀመጠች፥ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው አቡነ ዮሴፍ ተራራ የሚጐራበታት ደጋ ናት፤ የታኅሣሥ ሌሊቷ አጥንት ሰርስሮ ይገባል። ቤተ ጊዮርጊስ የታነጸበት ጕድጓድ ጥልቀቱ ወደ 12 ሜትር ይደርሳል፤ ሕዝቡም በዓፋፉ ላይ ተሰብስቦ ቍልቍል ያያል። በምሥራቅ በኩል ባሉት አብያተ ክርስቲያናት መካከል ብርሃን የማይገባበት የዋሻ መንገድ አለ። በበዓሉም ቀን ሕዝቡ ከብዛቱ የተነሣ እርስ በርሱ ይጋፋል። ይህን ሁሉ እያወቀ ልጁን በቸልታ የሚያመጣ ሰው በእምነት ሳይሆን በድፍረት ነው የሚሄደው።

ለዚህም ፍርዱ በኦሪት ዘፍጥረት ይገኛል። ያዕቆብ ከወንድሙ ከዔሳው ጋር በታረቀ ጊዜ፥ ዔሳው አብረን እንሂድ አለው። ያዕቆብ ግን ልጆቹ ገና ለጋዎች መሆናቸውን፥ መንጋውም አንድ ቀን እንኳ ቢያስቸኩሉት እንደሚያልቅ ገልጾ፥ እርሱ በሕፃናቱ እርምጃ ልክ በዝግታ እንደሚከተል ነገረው። ያዕቆብ ልጆቹን አላስቀረም፤ ከብርቱው ወንድሙም ጋር አልተሽቀዳደመም። ከዚህ ይልቅ የጠራ ፍርድ አይገኝም።

የዛሬው የከተማ ሰው ግን የያዕቆብን ልጆች ይዞ በዔሳው እርምጃ መሄድ ይወዳል። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በደሴና በወልድያ አልፎ በጋሸና የሚታጠፈውን፥ ከ600 ኪሎ ሜትር የሚበልጠውን መንገድ በአንድ ቀን ለመጨረስ በውድቅት ይነሣል። ልጁ በጠመዝማዛው ዳገት ያስመልሰዋል፤ ውኃ ቢለምን «ስንደርስ» ይባላል፤ ልውረድ ቢል «ቻል አድርገው» ይባላል። በገሀዱ ምሽት ይደርሱና፥ ያልበላውንና ያልተኛውን ሕፃን በሕዝብ ግፊያ መካከል ያቆሙታል። ልጁም ያለቅሳል። ይህን ጊዜ አባት ወደ ባልንጀራው ዘወር ብሎ፥ «ይኸው! አላልሁምን? ሕፃን ምን ያውቃል» ይላል። ልጁ ላሊበላን አላወቀም ብሎ መፍረድ ያስቸግራል፤ አባቱ ልጁን አላወቀም ብሎ መፍረድ ግን አያስቸግርም።

በሕፃናት እርምጃ የሚሄድ ቤተ ሰብ ነገሩን ሁሉ ለውጦ ያገኘዋል። መንገዱን በሁለት ወይም በሦስት ቀን ይከፍለዋል፤ ደሴ ያድራል፥ ወልድያ ያድራል። ሕዝቡ ሳይበዛ፥ በዓሉ ሦስት አራት ቀን ሲቀረው ይገባል። ልጆቹን በቀን ብርሃን እጃቸውን ይዞ ያዞራቸዋል፤ የቤተ መድኃኔ ዓለምን ዐምዶች ያስቈጥራቸዋል፤ በጨለማው ዋሻ ሲያልፉ የአባታቸውን ጋቢ አስይዞ ያሻግራቸዋል፤ የቤተ ጊዮርጊስን መስቀል ከዓፋፉ ራቅ አድርጎ ያሳያቸዋል። ቤተ ክርስቲያን ከሰባት ዓመት በታች ባለ ሕፃን ላይ የጾም ሕግ አልጫነችምና፥ አጥሚቱንና ዳቦውን በአገልግል ይዞላቸዋል። በዋዜማው ሌሊት ከወላጆች አንዱ ማኅሌት ሲቆም ሁለተኛው ከልጆቹ ጋር ያድራል፤ በሚቀጥለው ዓመትም ተራው ይለወጣል።

በልደት ጧት ግን ልጆቹ እንቅልፋቸውን ጠግበው፥ ጋቢ ለብሰው ወደ ቤተ ማርያም ይመጣሉ። በዚያ ካህናቱ ከሁለት ተከፍለው፥ እኵሌቶቹ ከላይ ማሜ ጋራ በሚባለው አለት ላይ፥ እኵሌቶቹም ከታች በዐጸዱ ቆመው ቤዛ ኩሉ ይዘምራሉ። ከላይ ያሉት የመላእክት፥ ከታች ያሉት የእረኞች ምሳሌ ናቸው። ለዚህ መምህር አያስፈልገውም። በመላው ያሬዳዊ ሥርዓት መላእክትና እረኞች አብረው ሲዘምሩ ለሕፃን ዐይን ይህን ያህል ግልጥ ሆኖ የሚታይበት ሌላ ስፍራ ማግኘት ያስቸግራል። የአምስት ዓመት ልጅ ወደ ላይ ቀና ብሎ «እነዚያ መላእክት ናቸው?» ብሎ ከጠየቀ፥ ሊቃውንት በብዙ ቃል የሚያመሰጥሩትን በአንድ ጥያቄ ደርሶበታል።

ልጅ በሕዝብ መካከል ይጠፋል የሚለውም ስጋት እውነት ነው፤ ከሁሉ የሚበልጠው ልጅ ጠፍቶ ያውቃልና። ጌታ የ12 ዓመት ልጅ ሳለ ከወላጆቹ ጋር ወደ ኢየሩሳሌም ለፋሲካ ወጥቶ፥ በመመለሻው ሦስት ቀን ተፈልጎ መገኘቱ ተጽፏል። ከዚህ ሁለት ነገር ይገኛል። አንደኛው፥ ወላጆቹ ልጃቸውን ይዘው ወደ በዓሉ መውጣታቸው ነው። ሁለተኛው፥ የተለያቸው ከዘመድ ጋር ነው ብለው ስላሰቡ መሆኑ ነው። ስለዚህ በበዓል ቀን «ከዘመድ ጋር ነው» የሚለው ቃል አይታመን፤ ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ የታወቀ ሰው ይሰየምለት፤ የወላጁም ስምና የስልክ ቍጥር በወረቀት ተጽፎ በልብሱ ይሰፋ።

በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ በሰሜኑ ጦርነት ከተማዋ በጦር ተይዛ ነበር፤ ከዚያም ወዲህ በላስታ ምድር ተኵስ የተሰማበት፥ መንገዱም የተዘጋበት ጊዜ አለ። በእንዲህ ያለ ጊዜ ልጆቹን ይዞ በቤቱ የተቀመጠ አባት አይነቀፍም፤ የታመመ ልጅ ያላትም እናት አትነቀፍም። ያዕቆብም ዔሳውን ፈርቶ በነበረበት ሰዓት ልጆቹን ወደ ኋላ አድርጎ ራሱ ቀድሞ ነበር። ከጥንቃቄ የሚቀር ሰው «መንገዱ ይክፋል» ይላል፤ «ሕፃን ምን ያውቃል» አይልም። ሰላም በሆነ ጊዜ ልጁን ይዞ ይሄዳል፤ እስከዚያውም ወደ አጥቢያው ቤተ ክርስቲያን ይወስደዋል።

ይህ ሁሉ በወላጆች ላይ ብቻ የሚጣል ሸክም አይደለም። ቤተ ክርስቲያን ከእናቱ ጋር የመጣውን ሕፃን የምትቀበልበት ስፍራ ልታሰናዳ ይገባታል። ሕፃን ያዘሉ እናቶች ሰልፍ ሳይጠብቁ አስቀድመው የሚሳለሙበት ሰዓት ይለይላቸው፤ ከነፋስ የተጠለለ፥ ቅዳሴው የሚሰማበት ማጥቢያ ስፍራ ይከለልላቸው። የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች በየገደሉ ዓፋፍ ቆመው ሕፃናትን ይጠብቁ። የጠፋ ልጅ የሚገኝበት አንድ ስፍራ ተወስኖ በዐውደ ምሕረት ይነገር። ለዚህ ብዙ ወርቅ አያስፈልግም፤ አንድ ድንኳንና ጥቂት ቅን ሰዎች ይበቁታል። በሌሊት ማኅሌት የትንንሽ ዲያቆናትን አገልግሎት የምትቀበል ቤተ ክርስቲያን፥ የእነርሱን ታናናሾች የምታሳርፍበት ጥግ አጣሁ ልትል አይገባትም።

ዛሬ «ምን ያውቃል» ተብሎ የቀረ ሕፃን ነገ ጐልማሳ ይሆናል። ያን ጊዜ አባቱ ወደ ላሊበላ እንሂድ ቢለው፥ «እኔ ስለዚያ ምን ዐውቃለሁ» ብሎ ይመልስለታል። አባትም የዘመኑን ልጆች፥ ትምህርት ቤቱንና ከተማውን ይወቅሳል፤ ቃሉን ያስተማረው ግን እርሱ ራሱ ነው። ስለዚህ በሚመጣው ታኅሣሥ ስንቁ ሲሰናዳ ያ ክርክር እንደ ገና ቢነሣ፥ ሕፃን ምን ያውቃል ለሚለው ሰው መልሱ አጭር ነው፦ መንገዱን እስካሁን አያውቀውም፤ ስለዚህም ይወሰዳል፤ አዋቂዎቹም በእርሱ እርምጃ ልክ ይሂዱ።